ነጻ የሚል ወረቀት

ልጄ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ስሟን ጠርቼ ዞር ብላ ያየችኝን ቀን በጣቴ ልቆጥረው እችላለሁ። ይህን የምለው እዘኑልኝ ብዬ አይደለም። ማዘኑንማ መካነ ሰላም ላይ ያላዘነልኝ የለም፤ ገበያ ስወጣ የሚያዝንልኝ፣ ቢሮ ስገባ የሚያዝንልኝ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሟቹን ትቶ ለኔ ከንፈሩን የሚመጥልኝ ሞልቷል። ከንፈር መምጠጥ ልጅ የሚያሳድግ ቢሆን የኔ ልጅ ይሄኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር።

የምሠራው ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ባሌ እህል ነጋዴ ነው፤ አጅባር ገበያ ሲቆም አጅባር ነው፣ አቀስታ ሲቆም አቀስታ። ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ነበረች። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይግባቡ ነበር፤ እናቴ ባቄላ ትለቅማለች፣ ልጄ የተለቀመውን በመስመር ትደረድራለች፣ እንዲህ ሲሉ ይመሻል። እናቴ ስትሞት ከሐዘኑ እኩል ያስጨነቀኝ ነገ ልጄ የት ትውላለች የሚለው ነበር። አንድ ሰው እናቱን ቀብሮ ሲመለስ እንዲህ ማሰቡ ያሳፍራል፤ እኔ ግን አስቤዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሠራተኛ ቀጠርኩ። አንደኛዋ በሳምንቷ ሄደች። ሁለተኛዋ ልጅሽ ሌሊት እየተነሳች ትስቃለች፣ እኔ እፈራለሁ ብላ ልብሷን ጠቀለለች። አማቴ ደግሞ ጉልበቷ ደክሟል፤ ልጄ ከሮጠች አትደርስባትም።

ስለዚህ የቀረኝ ሦስት ነገር ነበር። ሥራዬን መልቀቅ፣ ልጄን ቤት ቆልፎ መዋል፣ ወይ ትምህርት ቤት ማስገባት። ሥራዬን ብለቅ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የባሌ ንግድ ስለሚቆም፣ ምን እንደምንበላ አላህ ይወቅ። መቆለፍ የሚለውን ደግሞ ወላሂ አፌ ላይ ማምጣት አልፈልግም ነበር። በኛ ሰፈር ቤት ተቆልፎበት ያደገ አንድ ልጅ ነበር፤ ሲሞት ነው ብዙ ሰው መልኩን ያየው።

የከተማችን ትምህርት ቤት ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች አንዲት ክፍል ከፍቶ ነበር። አሥራ አንድ ልጅ፣ አንዲት መምህርት። ይቺ መምህርት ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ምንጣፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ተዘርፍጣ፣ የለስላሳ ቆርኪ ዘርግታ ታስተምራለች። ልጄን ይዤ የሄድኩ ቀን ሚስኪን አላለቻትም፣ ስሟንም አልጠየቀቻትም፤ ዝም ብላ ጥቂት ቆርኪ ወደሷ ገፋ አደረገችላት። እንግዳ ሰው ሲያያት ጠረጴዛ ሥር የምትገባው ልጄ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ቆርኪውን በቀለም በቀለሙ ለይታ ደረደረች። መምህርቷ ነገም አምጫት አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። ወደ ቢሮ ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ግን ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ክፍሏ ትንሽ ናት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ልጅቷ ችግር እንዳለባት የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ከነማህተሙ ታምጣ፣ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት። ምን እላቸዋለሁ? ማስረጃ የሚለውን ቃል እኔ ራሴ በቀን ሃያ ጊዜ የምለው ነው። ከገጠር በእግሩ መጥቶ ወረቀቱ ላይ ቀን አልተጻፈበትም ብዬ የመለስኩት ሽማግሌ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ልጄ፣ ቀኑን አንቺው ብትጽፊበትስ ብሎኝ ነበር። አይቻልም አባቴ አልኩት፤ ወረቀቱ የሚለውን ነው የምናየው አልኩት። እና አሁን ማን ላይ ልጩህ?

ከተማችን ሆስፒታል ሄድኩ። ያየን ጤና መኮንን ልጅ እግር ነው፤ ኦቲዝም የሚባል ነገር በሥልጠና ላይ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ግን የሚጽፍልሽ የለም አለኝ። ልጄን ሲያያት ግን አንድ ነገር ልብ አለ፤ መሀል ላይ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ፈዞ ይቀራል። ይሄ ነገር የሚጥል በሽታ እንዳይሆን መታየት አለበት ብሎ ደሴ ላከን። የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይባላል አለ።

አማቴ ሞገድ የሚለውን ስትሰማ ደነገጠች። ሞገድ ብላ የምታውቀው የራዲዮውን ነው፤ አጭር ሞገድ፣ መካከለኛ ሞገድ። «እና ያቺ ልጅ ጭንቅላቷ ውስጥ ጣቢያ ገብቶባታል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምሯን ነው። ሳቅሁ። ግን እኔስ ከሷ በምን እበልጣለሁ? እኔ ደግሞ ማሽኑ ልጄ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ኦቲዝሙን ያገኘዋል፣ ይኸውላችሁ ብሎ ይጽፈዋል፣ ማህተም ይመታበታል፣ በቃ አለቀ ብዬ ነበር የማስበው። የጤና መኮንኑ ለምን እንደላከኝ ነግሮኛል። የምፈልገውን ነው የሰማሁት።

የምንሄድ ቀን አማቴ ገና ሳይነጋ ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ያን ሁሉ የአቀስታ ብርድ አቋርጣ አናቷን ሳትቀባ? ብርዱ አናቷን ቢመታትስ? ልጄ ፀጉሯን ማንንም አታስነካም፤ እኔ ላበጥራት ስል ሰፈር ይሰበሰባል። አያቷ በቅቤ ስታሻት ግን ዓይኗን ጨፍና ጸጥ ትላለች። እና ምን አገባኝ፣ ትቀባት፣ እሰይ ነው ያልኩት። ቅቤው በጆሮዋ ሥር እስኪወርድ ተቀብታ፣ በሻሽ ተጠቅልላ ሚኒባስ ውስጥ ገባን።

ልጄ መኪና ትወዳለች። ከመኪናውም ረዳቱን። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አቀስታ፣ አቀስታ፣ አቀስታ!» ሲል እሷም ከውስጥ በሱው ድምፅ፣ በሱው ቅላጼ «አቀስታ፣ አቀስታ፣ አቀስታ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከፊታችን የተቀመጡ፣ ልጄ እንደማትናገር ቀደም ብዬ የነገርኳቸው አንድ አባት ዞረው አይተውኝ፣ አትናገርም ትያለሽ እንዴ፣ ይቺማ ትናገራለች፣ አብሽሪ አሉኝ። የሰማችውን ነው የምትመልሰው አባባ፣ ውሃ ጠምቷት ውሃ አትልም አልኳቸው። እንደ ማመን አሉና ተዉት። ሌሊቱን ብዙም ሳትተኛ አምጫት ተብዬ ነበር፤ ለምርመራው የሚሻለው እንቅልፍ ሲመጣባት ነው ብለው። ቤት ውስጥ እንቅልፍ በዓይኗ የማይዞር ልጅ ጉጉፍቱን አልፈን ደሴ እስክንገባ ጭኔ ላይ ለሽ ብላ ተኛች። አይ የኔ ነገር!

የተላክንበት ክሊኒክ ውስጥ ምርመራውን የሚሠራው ወጣት ሻሿን ፈትቶ እጁን ፀጉሯ ውስጥ ሲያስገባ እጁ አብረቅርቆ ወጣ። አሸተተው። «ቅቤ ነው?» አለኝ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወረደብኝ። ሽቦው ራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መሆኑን፣ ቅባት ካለ እንደማይይዝ፣ ፀጉሯ በሳሙና ታጥቦ ያለ ምንም ቅባት መምጣት እንዳለበት፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ የቀጠሮው ወረቀት ላይ በግልጽ መጻፉን ነገረኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ። ለማን ነው የጻፋችሁት፣ ለንግሥቲቱ ነው ወይስ ለኔ አልኩት። ለነገ አዛወረንና የሚቀጥለውን ጠራ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያደረግኩትን ማስታወስ አልፈልግም፤ ግን ጀምሬዋለሁ። ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ያረፍንበት አልጋ ቤት ሴትዮ አዝና ውሃ አፈላችልኝ። ልጄን በጉልበቶቼ መሀል ይዤ ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኳት። በመጀመሪያው ጮኸች፣ በሁለተኛው ራሷን ከግድግዳ ጋር ልታጋጭ ስትል ክንዴን አስገባሁላት፣ በሦስተኛው ክንዴን ነከሰችው። ምልክቱ አሁንም አለ። በሩን የሚያንኳኳው በዛ፤ አንዲት ሴት ልጅቷን ልትገድያት ነው እንዴ ብላ ከውጭ ጮኸችብኝ። እኔም ከውስጥ የራስሽን ልጅ እጠቢ ብዬ መለስኩላት። ከዚያ እርጥብ ፀጉሯን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። አማቴን ረገምኩ፣ ወጣቱን ረገምኩ፣ አቀስታን ከነብርዱ ረገምኩ።

በማግስቱ ተሳካ። ሃያ የሚሆኑ ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ በቅባት ነገር፣ አዎ እነሱው በራሳቸው ቅባት፣ ራሷ ላይ ተለጠፉ፤ በጨርቅም ተጠመጠሙ። ከተንቀሳቀሰች ይበላሻል፣ አንድ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ማለት አለባት አለኝ ወጣቱ። ግማሽ ሰዓት! እንቅልፍ ካልወሰዳት አምስት ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ተኝታ አታውቅም። አልጋው ላይ ልትነሳ ስትል አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ እንደ ረዳቱ ጀመርኩ። አቀስታ፣ አቀስታ፣ አቀስታ። ከዚያ ጉጉፍቱ። ከዚያ ደሴ፣ የሞላ፣ የሞላ። ደሴ ስደርስ ወደ ኋላ አዙሬ እንደገና ወደ መካነ ሰላም። ልጄ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ አዳመጠች። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ እየተንቀጠቀጡ ይሄዱ ነበር፣ አንዱ ከአንዱ ሥር። ያ ሁሉ ከልጄ ጭንቅላት ነው የሚወጣው እያልኩ አየሁት። እናት ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጧን ያየሁ መሰለኝ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። በጣም ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነም አላውቅም።

ዶክተሩ ሸምገል ያሉ፣ ሥራ የበዛባቸው፣ ግን ሰው ናቸው። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ ሞገዱ ነጻ ነው፣ የሚጥል በሽታ ምልክት የለም አሉኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ታዲያ ኦቲዝሙስ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ይሄ ማሽን ኦቲዝምን አያሳይም አሉ፤ ኦቲዝም በሽቦ አይታይም፣ ልጅቷን ቁጭ ብሎ በማየት፣ እናትን በመጠየቅ ነው የሚታወቀው። እኔ አሁን ሳያት ያለባት ይመስለኛል፣ ግን ያንን አይቶ የሚጽፈው አዲስ አበባ ያለ የልጆች ስፔሻሊስት ነው። እኔ የምፈርመው ያየሁትን ሞገድ ነው አሉኝ። ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ነገር እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ውጤቱን ብቻ በአማርኛ አድርጋ ትስጥሽ ብለው ወደ ጸሐፊዋ ላኩኝ።

ጸሐፊዋ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ ኮምፒውተሩን በሁለት ጣት ትመታለች። ጽፋ፣ አትማ፣ ማህተሙን ደፍታ ሰጠችኝ። «ታካሚዋ በተደረገላት የአንጎል ሞገድ ምርመራ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል» ይላል። አየሁት። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የአንድ ቃል ቦታ መሳት ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጻ የሆነው ሞገዱ ነው፤ ወረቀቱ ግን ነጻ ያደረገው ልጄን ነው። አስተካክይልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ማህተሙ አርፏል፣ ዶክተሩ ሌላ ሰው ጋር ገብተዋል፣ ነገ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል እየተባለ ነው፣ ሚኒባሱ እየሞላ ነው። ይሄን ሁሉ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ያልተናገርኩት አንዱን ነው፤ አረፍተ ነገሩ አማረኝ። ልጄና ነጻ የሚለው ቃል አንድ መስመር ላይ ሆነው ሲታዩ አማሩኝ። ላጠፋው አልጨከንኩም።

መናኸሪያው ውስጥ ባሌ ደወለ። ምን አሉሽ አለኝ። ወረቀቱ በእጄ ነበር።

«ነጻ ናት አሉ» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ማልቀሱን ሰማሁ። ከአሥር ዓመት በላይ አብረን ኖረናል፣ አባቱ ሲቀበሩ እንኳ እንባውን አላየሁም። እስኪ አሁን እንዲህ የሚያለቅስን ሰው ቆይ አንዴ፣ የተሟላ አይደለም፣ የሚጥል በሽታ ብቻ ነው የለባትም የተባለው ብላችሁ አስቡት። አቤት፣ አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ ይላል ደጋግሞ። ቤት ስደርስ በዝርዝር እነግረዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ቤት ስደርስ ግቢው ሞልቷል። በግ ታርዷል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ዱዓ እያደረጉ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት አለ፣ ሴቶቹ ገና ከበር እልል አሉልኝ። አማቴ ልጄን አቅፋ ጣቢያው ወጣላት፣ ወጣላት እያለች ግንባሯን ትስማለች። አንዲት ጎረቤቴ ስንት ሰዓት ነው የፈጀው ማውጣቱ ብላ ጠየቀችኝ። ርዕሰ መምህሩም ነበሩ፤ ከቅልጥም ጋር እየታገሉ ማሻ አላህ፣ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ፈገግ ብዬ እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩ። ልጄ ከእልልታው ሸሽታ የእህል ጆንያዎቹ ኋላ ገብታ ጆሮዋን ይዛ ነበር። በሷ ስም ያ ሁሉ ሥጋ ሲበላ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰው ሲበተን ለባሌ ልነግረው ሞከርኩ። ሁለት ቃል እንደተናገርኩ ፊቱ ጠቆረ፤ ደስታ አይሆንልሽም፣ ሐኪም ያለውን አንቺ ምን ቤት ነሽ የምታፈርሽው አለኝ። ተውኩት። ዋናው ትምህርት ቤቱ ነው፣ እሱን ጨርሼ እመለስበታለሁ አልኩ በሆዴ።

ሰኞ ጠዋት ልጄን ይዤ ወረቀቱን አቀረብኩ። ርዕሰ መምህሩና ሁለት የምዝገባ ኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ርዕሰ መምህሩ ይሄማ የምሥራች ነው አሉ፤ እዚያች ክፍል የሚገቡት ችግር እንዳለባቸው የተረጋገጠላቸው ናቸው፣ እሷ ደግሞ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል፣ መደበኛ ክፍል ከእኩዮቿ ጋር ትማር። አስረዳሁ። ምርመራው ሌላ ነው፣ በሽታው ሌላ ነው፣ ዶክተሩ በአፋቸው እንዲህ ብለውኛል አልኩ። አንደኛው የኮሚቴ አባል እናት ልጇ ጤነኛ ናት ስትባል ትከራከራለች እንዴ ብሎ ሌላውን አየው። የሌላ ሚስኪን ልጅ ቦታ መያዝ ግፍ አይሆንብሽም አለኝ። መምህርቷ ድምፄን ሰምታ በር ላይ መጥታ፣ እኔ እቀበላታለሁ፣ አንድ ልጅ ብትጨመር ምንጣፉ አይጠብም አለች። የተጠየቅሽው አንቺ አይደለሽም አሏት። ርዕሰ መምህሩ ወደኔ ዞሩና በለሆሳስ፣ እንደ ወንድም ሆነው ጠየቁኝ።

«እህቴ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ስንቱን አንገቱን አስደፍቼ የመለስኩበት የገዛ አፌ ቃል ነው። ተነስቼ ቆምኩ፣ ጠረጴዛውን መታሁት፣ ድምፄ ግቢው ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ጮኽኩ።

«ልጄ ነጻ አይደለችም!»

ወዲያው ከጥግ፣ ከመዝገብ መደርደሪያው ሥር፣ በኔው ድምፅ፣ በኔው ቁጣ፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል መጣ።

«ልጄ ነጻ አይደለችም!»

ርዕሰ መምህሩ እጃቸውን ዘረጉ። ይኸው ትናገራለች አሉ። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት እፎይ ብለው ሳቁ፤ አንዱ እንዲያውም አሳምራ አለ። የሰማችውን ነው፣ የሰማችውን ነው የምትመልሰው እያልኩ ቀረሁ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ገልብጬ አነበብኩት፤ ገልብጦ ማንበብ ሥራዬ ነው። ልጅቷ ንግግር የምትችል መሆኗን ኮሚቴው በአካል አረጋግጧል ይላል።

መደበኛው ክፍል ውስጥ ሰባ ምናምን ልጅ አለ፣ አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ እኔን ጥርሴን ያመኛል። ሁለት ቀን ወንበር ሥር ዋለች። በሦስተኛው ቀን ቸርኬው ሲመታ ከክፍል ወጥታ፣ ከግቢ ወጥታ ሮጠች። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ጠፋች ብለው ሲነግሩኝ የሮጥኩትን እግሬ ያውቀዋል። መናኸሪያ አገኘኋት፤ ወደ ኋላ የሚል ሚኒባስ ጀርባ ቆማ ነበር። አንድ ክንድ ነው የቀረው። ረዳቱ ነው ጎትቶ ያወጣት፣ አላህ ዕድሜ ይስጠው።

በማግስቱ የክፍሉ መምህር አልቀበልም አለ። ታማ ቢሆን እሺ፣ ነጻ ናት ተብሎ በማህተም የመጣ ነገር አለ፣ ስለዚህ ይሄ ስድነት ነው፣ አደብ ስትይዝ አምጫት አለኝ። ባሌም ከዚያው አፍ የወሰደ ይመስል ያንኑ አለ። በፊት ሳህን ብትሰብር ምን ታድርግ፣ አላህ የሰጣት ነው ብሎ ስብርባሪውን የሚለቅመው እሱ ነበር። ከወረቀቱ ወዲህ ሆን ብላ ነው ማለት ጀመረ። አንድ ቀን እጇን መታት። ተው፣ አታውቅም እኮ ስለው፣ ነጻ ናት ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለኝ።

አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ቀጠሮው ሲደርስ መንገዱ ይዘጋል፣ መንገዱ ሲከፈት ቀጠሮው አልፎ ይገኛል፤ እንደገና እይዛለሁ። መምህርቷ አንዳንድ ቅዳሜ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ቆርኪዋን በፌስታል ይዛ። ማንም ሳያዛት ነው የምትመጣው። የቀረውን ቀን ግን ሰው የለኝም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውሃዋን በኮዳ፣ ዳቦዋን በሳህን አስቀምጬ፣ ቢላውንና ክብሪቱን ከፍ ወዳለ ቦታ አውጥቼ፣ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ምሳ ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ አያታለሁ፣ መልሼ እቆልፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በሩን በሁለት እጇ ትደበድብ ነበር። አሁን አትደበድብም። ቁልፉን ከቦርሳዬ ሳወጣ ድምፁን ስትሰማ ራሷ ተነስታ ትሄድና ጥጓ ላይ ትቀመጣለች።